ከረጅም ርቀት ሩጫ በኋላ የልብና የደም ዝውውር ማገገም በወንድና በሴት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሴቶችና ወንዶች ከረጅም ሩጫ በኋላ የሚያገግሙበት መንገድ በእርግጥ ይለያያል?

ይለያያል። ልዩነቱ ግን «ማን ቀድሞ ያገግማል» በሚለው ላይ ሳይሆን ሰውነት ወደ ነበረበት በሚመለስበት መንገድ ላይ ነው። ማራቶን ጨርሰው ጎን ለጎን የቆሙ ወንድና ሴት የደም ግፊታቸው እኩል ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። የእሱ የወረደው ልቡ በደቂቃ የሚረጨው ደም ስለቀነሰ፣ የእሷ ደግሞ የደም ሥሮቿ ስለሰፉ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ መንስኤው ግን ሁለት።

የልዩነቱ ምንጮች በዋናነት ሦስት ናቸው፦ የልብ መጠን፣ የደምና የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) መጠን፣ ሆርሞን። ልምምድ፣ ሙቀት፣ ፈሳሽና እንቅልፍ የሚያመጡት ለውጥ ግን ብዙ ጊዜ ጾታ ከሚያመጣው ይበልጣል። ስለዚህ አብሮ የሚሮጥ ሰው ሰዓት ላይ የሚታየውን ቁጥር ከራስ ቁጥር ጋር ማነጻጸር አይጠቅምም። የሚጠቅመው የራስን ቁጥር ከራስ የቀድሞ ቁጥር ጋር ማየት ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ የሚያጠነጥኑት በዚሁ ላይ ነው።

ከባለቤቴ ጋር በአንድ ፍጥነት ስንሮጥ የእኔ የልብ ምት ሁልጊዜ ከፍ ይላል። ብቃቴ አነስተኛ ስለሆነ ነው?

ላይሆን ይችላል። በአማካይ የአዋቂ ሴት ልብ ከወንድ ልብ በሩብ ያህል ይቀልላል። በእያንዳንዱ ምት የሚረጨውም ደም ያንሳል። በዚያ ላይ የሴቶች ሄሞግሎቢን ከወንዶች በ12 በመቶ ገደማ ዝቅ ስለሚል እያንዳንዱ ሊትር ደም የሚሸከመው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ይህን ጉድለት የሚሸፍነው የምቱ ብዛት ነው።

በስሌት እንየው። አንድ ፍጥነት በደቂቃ 15 ሊትር ደም ይፈልጋል እንበል። በአንድ ምት 100 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ልብ 150 ጊዜ ይመታል። 85 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ልብ ያንኑ 15 ሊትር ለማድረስ 176 ጊዜ መምታት አለበት። ሁለቱም ልቦች ጤነኛ ናቸው፤ ሁለቱም የተፈለገውን አድርሰዋል። በእረፍት ጊዜም የሴቶች የልብ ምት በጥቂት ምቶች ከፍ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሩጫ በኋላ ምቱ የሚወርደው ከከፍታ ተነስቶ ወደ ከፍ ያለ መነሻ ስለሆነ፣ «ከ10 ደቂቃ በኋላ ገና 105 ነው» የሚለው ለአንዷ ጤናማ፣ ለሌላው ደግሞ ያልተለመደ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻውን መስመር አልፌ ስቆም ለምን ያዞረኛል?

በሩጫ ላይ የእግር ጡንቻ እንደ ሁለተኛ ልብ ነው። በተኮማተረ ቁጥር ከታች ያለውን ደም ወደ ላይ ይገፋል። ድንገት ሲቆሙ ይህ ግፊት በአንድ ጊዜ ይቋረጣል፤ የደም ሥሮቹ ግን ገና እንደሰፉ ናቸው። ቆዳም ሙቀት ለማስወጣት ብዙ ደም ይዟል። ደሙ እግር ላይ ይጠራቀምና ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፤ አንጎል የሚደርሰውም እንዲሁ።

የደም ሥሮቹ ሰፍተው የሚቆዩት በከንቱ አይደለም። የሠራው ጡንቻ ሂስታሚን ያመነጫል፤ በአለርጂ ጊዜ የምናውቀው ያው ሂስታሚን ነው። ይህም ደም ለሰዓታት ወደ ጡንቻው በብዛት እንዲሄድ ያደርጋል። የጾታ ልዩነት በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ እዚህ ላይ ነው። በደንብ በሠለጠኑ ወንዶች ከሩጫ በኋላ ግፊቱን ይበልጥ የሚያወርደው የልብ የደም ርጭት መቀነሱ ሲሆን፣ በሴቶች ግን የደም ሥር መስፋት ነው። ወጣት ሴቶች የደም ሥሮቻቸው ቶሎ የማይጠብቡ መሆናቸውና ልባቸው የሚይዘው ደም አነስተኛ መሆኑ ሲደመር፣ ለረጅም ጊዜ ቀጥ ብሎ መቆምን የመቋቋም አቅማቸው በአማካይ ከወንዶች ያነሰ ይሆናል። ለዚህ ነው ሜዳሊያ ለመቀበል በተሰለፉበት የሚወድቁ ሴቶች የሚታዩት።

ምን ማድረግ ይሻላል? ሩጫውን እንደጨረሱ አይቁሙ፤ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይራመዱ። መቆም ግድ ከሆነ በእግር ጣቶችዎ ከፍ ዝቅ ይበሉ፣ ወይም እግርዎን አጣምረው ጭንዎን አጥብቀው ይጭመቁ። ዓይንዎ ከጨለመ፣ ጆሮዎ ከጮኸ ወይም ካቅለሸለሸዎት ለመታገል አይሞክሩ። በጀርባዎ ተኝተው እግርዎን ከልብዎ ከፍታ በላይ ያድርጉ። ሲሻልዎት መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይነሡ። ሙቅ ገላ መታጠብ የቆዳን ደም ሥር ይበልጥ ስለሚያሰፋ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ይቅር። ለደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በውድድር ቀን መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱ አስቀድመው ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ፤ የመድኃኒቱና የሩጫው የግፊት መውረድ ሊደራረብ ይችላል።

እግር ከፍ ብሎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልጠራ አእምሮ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሰውነት ሙቀት፣ የደም ሶዲየም (በደም ውስጥ ያለው የጨው ንጥረ ነገር) እና የልብ ሁኔታ ወዲያውኑ መታየት አለባቸው።

የልብ ምቴ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወርድ ራሴ መለካት እችላለሁ?

ይችላሉ። ለውጤቱ ዋጋ የሚሰጠው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ መለካት ነው። ሜዳማ ቦታ ላይ 10 ደቂቃ ሰውነትዎን ያሟሙቁ። ከዚያ ለ5 ደቂቃ ያህል መናገር በሚያስቸግር ፍጥነት ይሩጡ። ሲያበቁ ምቱን ይመዝግቡ፤ በዝግታ እየተራመዱ ልክ በ60ኛውና በ120ኛው ሰከንድ ደግመው ይመዝግቡ። ደረት ላይ የሚታሰረው መለኪያ ይመረጣል፤ እጅ ላይ ያለው ሰዓት ምቱ በፍጥነት ሲቀየር ወደኋላ ይቀራል። ይህን በየሁለት ሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓትና በተቀራራቢ የአየር ሁኔታ ይድገሙት።

በመጀመሪያው ደቂቃ የሚወርደውን የሚያዘው የሚያረጋጋው ነርቭ፣ ቬገስ፣ ነው። በሐኪም ቤት የመሮጫ ማሽን ምርመራ ላይ በመጀመሪያው ደቂቃ 12 ምት ወይም ከዚያ በታች ብቻ መውረድ እንደ ማስጠንቀቂያ ይወሰዳል። በደንብ የሠለጠነ ሯጭ ላይ ከ30 በላይ መውረድ የተለመደ ነው። ወጣት ሴቶች በእረፍት ጊዜ የቬገስ ተጽዕኗቸው ከወንዶች ጠንከር ያለ ቢሆንም፣ ይህ «ሴቶች በዚህን ያህል ምት ቀድመው ይወርዳሉ» ወደሚል ደንብ አይለወጥም። በግለሰቦች መካከል ያለው ስፋት በጾታዎች መካከል ካለው ይበልጣል።

ልኬቱን የሚያበላሹት ብዙ ናቸው። ሙቀትና የፈሳሽ ማነስ መውረዱን ያዘገያሉ። ቡናም በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲሁ ያደርጋል። ቤታ ብሎከር የሚባሉት የልብ መድኃኒቶች ቁጥሩን ከመሠረቱ ስለሚቀይሩት ንጽጽሩን ትርጉም ያሳጡታል። ተኝቶ የተለካው ቆሞ ከተለካው በፍጥነት ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁለቱን አያቀላቅሉ። ይህን ፈተና ከማራቶን በኋላ ባለው ሳምንት መሞከር ደግሞ ውጤቱን ማንበብ አዳጋች ከማድረጉም በላይ ለደከመ ልብ ተጨማሪ ጫና ነው።

ከፍተኛው የልብ ምት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው የሚባለው ለሴቶችም ይሠራል?

ለማንም በትክክል አይሠራም። ለሴቶች በ2010 የወጣው ስሌት 206 ሲቀነስ (0.88 ሲባዛ ዕድሜ) ነው። ለ40 ዓመት ሴት የቀድሞው ስሌት 180 ሲሰጥ ይህኛው 171 ገደማ ይሰጣል። በ180 ላይ ተመሥርታ የልምምድ ደረጃዋን የምታወጣ ሴት «ቀላል» ባለችው ቀን ሳታውቀው ጠንክራ ልትሠራ ትችላለች፤ ማገገሟም ይዘገያል። ሁሉም ስሌቶች በ10 ምት ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስቱ ስለሚችሉ ከውድድር መጨረሻ የተገኘ እውነተኛ ቁጥር ካለዎት እሱን ይያዙ።

ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ሰዓቴ «አላገገምሽም» ይለኛል። ልመነው?

ብቻውን አይመኑት። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ የሰውነት ሙቀት ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ይላል። የእረፍት ልብ ምትም በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ምት ይጨምራል፤ በምቶች መካከል ያለው የጊዜ መለዋወጥ ደግሞ ይቀንሳል። ሰዓቱ ድካም ብሎ የሚያነበው እነዚሁኑ ምልክቶች ነው። ምንም ከባድ ነገር ሳይሮጡ ቁጥሩ «ይበላሻል»፤ የወር አበባ ሲመጣ ደግሞ በራሱ ይስተካከላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ለ2 ወይም ለ3 ዑደት ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ ምትዎን ይመዝግቡ፤ ከቁጥሩ ጎን የዑደቱን ቀን ይጻፉ። ከዚያ የዛሬውን 22ኛ ቀን ከትናንት ጋር ሳይሆን ካለፈው ዑደት 22ኛ ቀን ጋር ያነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ5 ምት በላይ ከሆነና 2 ወይም 3 ቀን ከቆየ ያኔ በእርግጥ ድካም፣ ሕመም ወይም የእንቅልፍ እጦት ይኖራል።

ዑደቱ በሩጫ ብቃት ላይ የሚያመጣው ለውጥ በአማካይ ጥቂት ነው። ስለዚህ የልምምድ ዕቅድን በሙሉ በዑደት ቀን መከፋፈል አያስፈልግም። አንዲት ሯጭ በተወሰኑ ቀናት ሁልጊዜ እንደሚከብዳት ካየች ግን ያንን መከተሏ ተገቢ ነው።

ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶች ይህን የወጣ ገባ ጉዞ ላያዩ ይችላሉ። ለእነሱ ሌላ ጥንቃቄ አለ። እንክብሉ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። የፈሳሽ እጥረትና ከውድድር በኋላ ለብዙ ሰዓት ተቀምጦ መጓዝ ሲታከሉበት ዕድሉ ከፍ ይላል። በጉዞ ላይ በየሰዓቱ ተነሥቶ መራመድ ይበጃል። አንድ እግር ብቻ አብጦ ቢያምም «የጡንቻ ሕመም ነው» ብሎ መተው አይገባም።

ከሩጫ በኋላ ስንት ልጠጣ? ሴቶች ለምን ይበልጥ ይጠነቀቁ ይባላል?

እዚህ ላይ የተዛባ ምክር ሰው ስለሚገድል ዘርዘር አድርገን እንናገራለን። በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶ ያህሉ ሶዲየማቸው ከሚገባው በታች ነበር። ከሴቶቹ 22 በመቶ፣ ከወንዶቹ 8 በመቶ ማለት ነው። ቁጥሩ ሲታይ ችግሩ የጾታ ይመስላል። ጠለቅ ተብሎ ሲተነተን ግን ጎልተው የወጡት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ በሩጫው ላይ ክብደት መጨመር፣ ከ4 ሰዓት በላይ መሮጥ፣ ከቁመት አንጻር በጣም ቀጭን ወይም በጣም ወፍራም መሆን። ትንሽ ሰውነት ያላት፣ በዝግታ የምትሮጥ፣ ላቧም አነስተኛ የሆነ ሴት በየጣቢያው ለትልልቅ ሰዎች የተመከረውን ያህል ውኃ ከጠጣች ደሟ ይቀጥናል። ቀጭን የሆነና በዝግታ የሚሮጥ ወንድም አደጋው እኩል ነው።

ትክክለኛው መንገድ መመዘን ነው። ከሩጫው በፊት ከሽንት በኋላ፣ ከሩጫው በኋላ ደግሞ ላብ ያረሰውን ልብስ አውልቀው ይመዘኑ። 60 ኪሎ የነበረች ሯጭ 58.8 ብትሆን 2 በመቶ ጎድሏታል፤ የሚያስደነግጥ አይደለም። ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተከፋፍሎ፣ ጨው ካለው ምግብ ጋር ይጠጣል። በአንድ ጊዜ የተጠጣ ብዙ ንጹሕ ውኃ አብዛኛው በሽንት ይወጣል፤ የደሙን መጠንም አይመልስም።

ክብደትዎ ከጨመረ ግን እስኪሸኑ ድረስ አይጠጡ። የጣት ማበጥ፣ የቀለበት መጥበብ፣ ማቅለሽለሽ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታትና ግራ መጋባት የሶዲየም ማነስ ምልክቶች ናቸው። ግራ የገባው ወይም የሚንቀጠቀጥ ሰው ውኃ አጥሮት ነው ተብሎ ውኃ ቢሰጠው ይጎዳል፤ ተራ ጉሉኮስም እንዲሁ። የሚያስፈልገው በሐኪም እጅ የሚሰጥ 3 በመቶ የጨው ፈሳሽ ነው፤ መጀመሪያ የሚሰጠው 100 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ኩላሊት ውኃ እንዳያስወግድ ስለሚያውኩ ከሩጫው በፊት፣ በሩጫው ላይና ወዲያው ከሩጫው በኋላ አለመውሰድ ይሻላል።

ከማራቶን በኋላ ደሜ ተመርምሮ ትሮፖኒን ከፍ አለ ተባልኩ። ልቤ ተጎድቷል?

ምልክት ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ትሮፖኒን በልብ ጡንቻ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ከማራቶን በኋላ ከግማሽ በሚበልጡ ሯጮች ላይ ከመደበኛው ወሰን ያልፋል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጫፍ ደርሶ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይወርዳል። በልብ ድካም ጊዜ የሚታየው አካሄድ ከዚህ ይለያል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ አይበቃም። በሰዓታት ልዩነት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይለካል፤ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራና የታማሚው ስሜት አብረው ይታያሉ።

የጾታ ጉዳይ እዚህ ላይ በተግባር ይገባል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት አንድ ከፍተኛ ትብነት ያለው የትሮፖኒን ምርመራ የላይኛው ወሰኑ ለሴት 16፣ ለወንድ 34 ናኖግራም በሊትር ነው። የወንዱ ወሰን ለሁሉም ከተወሰደ 25 ያሳየች ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ልትመለስ ትችላለች። በተለይ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የመንጋጋ ሕመም ካላት የትኛው ወሰን እንደተወሰደላት መጠየቅ መብቷ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚነሣው የልብ መዛል ነው። ከረጅም ሩጫ በኋላ ከግራው ይልቅ የቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል ለጊዜው ይሰፋል፤ አቅሙም ይቀንሳል። በሩጫ ጊዜ ወደ ሳንባ በሚወስደው የደም ሥር ያለው ግፊት ከእረፍት ጊዜው አንጻር ሲታይ ከሌላው ቦታ በበለጠ ስለሚጨምር ጫናው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ በአንድ ሳምንት ገደማ ይመለሳል።

ብረት ከልብ ማገገም ጋር ምን አገናኘው?

ሄሞግሎቢን ሲያንስ ልብ ያንኑ ኦክስጅን ለማድረስ ይበልጥ መምታት አለበት፤ ከሩጫ በኋላም ቀስ ብሎ ይረጋጋል። ብዙ ሴት ሯጮች «ልቤ አልወርድ አለኝ» ብለው ለወራት የሚቸገሩበት ትክክለኛው ምክንያት ይህ ሆኖ ይገኛል። የወር አበባ ብረት ይወስዳል፤ እግር መሬት ሲመታ ቀይ የደም ሴሎች ይሰበራሉ። ከሩጫ በኋላ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ሄፕሲዲን የሚባለው ሆርሞን ጨምሮ አንጀት ብረት እንዳይመጥ ያግዳል።

በባሕር ወለል ከፍታ ደም ማነስ የሚባለው ሄሞግሎቢን እርጉዝ ባልሆነች ሴት ከ12፣ በወንድ ከ13 ግራም በዴሲሊትር ሲወርድ ነው። በከፍታ ቦታ ወሰኑ ይጨምራል። ፌሪቲን፣ ማለትም የተጠራቀመው ብረት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ወሰን 15 ማይክሮግራም በሊትር ነው። ከ30 በታች የሆነን ሯጭ ግን ብዙ የስፖርት ሐኪሞች እንደ ጉድለት ያዩታል። ምርመራውን ከውድድር ማግስት አያድርጉት። ፌሪቲን በሰውነት መቆጣት ምክንያት ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ሄሞግሎቢን በተቃራኒው ዝቅ ሊል ይችላል፤ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ከሩጫ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ስለሚጨምር ደሙ ይቀጥናል። አንድ ሳምንት ይጠብቁ።

ሐኪም እንክብል ካዘዘ ጠዋት፣ ከሩጫ በፊት ወይም እንዳበቃ ወዲያው፣ ቫይታሚን ሲ ካለው ነገር ጋር ይወሰዳል። ቡና፣ ሻይና ወተት መምጠጡን ስለሚያግዱ ይራቁ። በየቀኑ ከመውሰድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ በአንድ ጊዜ የሚመጠውን መጠን ያሻሽላል። ወንዶች ደግሞ ሳይመረመሩ ብረት አይውሰዱ፤ ብረት በዘር ምክንያት የሚከማችባቸው ሰዎች አሉ፣ ክምችቱም ጉበትንና ልብን ይጎዳል።

የእረፍት ምቴ 42 ደርሷል። የብቃት ምልክት ነው አይደል?

ብዙ ጊዜ አዎ። ግን በቂ ሳይበሉ ብዙ የሚሮጡ ሰዎችም ምታቸው ይቀንሳል፤ ሰውነት ኃይል ለመቆጠብ ነው። ከስብ ውጭ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከሩጫው ወጪ በኋላ የሚተርፈው ኃይል በቀን ከ30 ኪሎ ካሎሪ በታች ሲሆን ሆርሞኖች መዛባት ሊጀምሩ ይችላሉ። በሴቶች ምልክቱ ቶሎ ይታያል፤ የወር አበባ ይዛባል ወይም ለ3 ወርና ከዚያ በላይ ይቀራል። ወንዶች ይህ ደወል ስለሌላቸው ይዘገያሉ። የፍትወት ስሜት መቀነስ፣ ብርድ ብርድ ማለትና የአጥንት ስንጥቅ መደጋገም የእነሱ ምልክቶች ናቸው። ዝቅ ያለ ምት ከእነዚህ አንዱ ጋር ከመጣ ደስ የሚያሰኝ ቁጥር አይደለም።

ካረጥኩ በኋላ ማገገሜ ለምን ዘገየ?

ኤስትሮጅን የደም ሥር ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውን ደም ሥር የሚያሰፋ ጋዝ እንዲያመነጭና እንዲለጠጥ ይረዳል። ሲቀንስ የደም ሥር ይደድራል፤ የላይኛው የደም ግፊት ይጨምራል። ከዕድሜ እኩያ ወንዶች ጋር ሲነጻጸር ሩጫ የደም ሥርን ውስጠኛ ሽፋን የማሻሻል ኃይሉ ካረጡ ሴቶች ላይ ያን ያህል ጎልቶ አይታይም። ይህ ግን ሩጫ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ የልብን አቅም፣ ግፊትንና ስኳርን ያሻሽላል። በተግባር በሁለት ከባድ ቀናት መካከል ቀድሞ 1 ቀን ይበቃ ከነበረ 2 ወይም 3 ያድርጉት። ግፊትዎን በወር ጥቂት ጊዜ በቤት ይለኩ። የሌሊት ወበቅ እንቅልፍ ካሳጣዎት ሕክምና ይፈልጉለት፤ ያልተኛ ልብ አያገግምም።

በዚሁ ዕድሜ ወንዶችን የሚያሳስባቸው ሌላ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ብዙ የሮጡ ወንዶች ላይ የተዛባ የላይኛው የልብ ክፍል ምትና በልብ የደም ሥሮች ላይ የካልሲየም ክምችት ከሌላው ሰው በላይ ይታያል። በሴቶች ላይ ይህ ትስስር ተመሳሳይ ሆኖ አልተገኘም። ምትዎ ያለ ሥርዓት የሚዘል ከሆነ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ያድርጉ።

ከማራቶን በኋላ መቼ ወደ ልምምድ ልመለስ?

ለመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት መራመድ ብቻ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ የሚሆን፣ እያወሩ የሚሮጥ ሶምሶማ። ከባድ ልምምድ ከ2 ሳምንት በፊት አይጀመርም፤ ለብዙዎች 3 ሳምንት ይሻላል። ለመመለስ ሁለት ነገሮች አብረው መሟላት አለባቸው፦ የጠዋት ምትዎ ለ3 ተከታታይ ቀናት ከመደበኛዎ ከ5 ምት በላይ አለመራቁ፣ በሚያውቁት ቀላል ፍጥነት ሲሮጡ ምትዎ ቀድሞ ወደነበረው መመለሱ።

ሴቶች በአማካይ በማራቶን ሁለተኛ አጋማሽ ፍጥነታቸው ከወንዶች ያነሰ ይወርዳል። ስብን ይበልጥ ለኃይል ይጠቀማሉ፤ የጡንቻ ጉዳት ምልክታቸውም ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ብዙ ሴቶች በአራተኛው ቀን እግራቸው ቀሎ ይሰማቸዋል። እግር ስለቀለለ ግን ልብ አገግሟል ማለት አይደለም፤ የቀኙ የልብ ክፍል ሳምንቱን ይፈልጋል። ትኩሳት ካለ ወይም ሳሉ ወደ ደረት ከወረደ የልብ ጡንቻ ብግነት ስለሚያሰጋ ሩጫ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። ይህ ብግነት በወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል።

ለሴቶች ተብሎ የተሰጠ ምክር ለምን ይህን ያህል ዘገየ?

የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ የተካተተው በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው። ከዚያ በፊት ሴቶች ረጅም ርቀት አይችሉም የሚል እምነት ስለነበር በ1928 የተሞከረው 800 ሜትር እንኳ እስከ 1960 ታግዶ ቆየ። ያልሮጠ ሰው አይጠናም። አሁን የምንጠቀምባቸው ብዙ ወሰኖች በወንዶች ላይ ተለክተው ለሁሉም የተሰጡ ናቸው።

ሯጭ ቢወድቅ ምን ላድርግ? በሴትና በወንድ ይለያያል?

በመጀመሪያ የት እንደወደቀ ይዩ። ከመጨረሻው መስመር በኋላ የወደቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱ የወረደበት ነው። እየሮጠ ሳለ የወደቀ ግን የልብ መቆም እንደሆነ ተቆጥሮ ይታያል። ከ2000 እስከ 2010 በአሜሪካ በማራቶንና በግማሽ ማራቶን ከተሳተፉ 10.9 ሚሊዮን ሯጮች 59ኙ ልባቸው ቆሟል፤ 51ዱ ወንዶች ነበሩ። ከ100,000 ሲሰላ ለወንዶች 0.90፣ ለሴቶች 0.16 ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 2023 ባሉት ዓመታት የልብ መቆም መጠኑ ብዙም ሳይቀየር የሟቾቹ መጠን በግማሽ ቀንሷል። ደረት መጫንና የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ መሣሪያ በየመንገዱ በፍጥነት መድረሳቸው ሕይወት አትርፏል።

ምላሽ ካልሰጠና በመደበኛ ሁኔታ ካልተነፈሰ እርዳታ አስጠርተው የደረቱን መሐል ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫኑ። ማጣጣርን ትንፋሽ ብለው አይሳሳቱ።

ልዩነቱ የሚመጣው ከወደቀችው ሴት ሳይሆን በዙሪያዋ ካለው ሰው ነው። በአደባባይ ልባቸው የቆመ ሴቶች ከመንገደኛ ደረት መጫን የሚያገኙት ከወንዶች ባነሰ መጠን ነው። ሰው ደረቷን መንካት ያፍራል፤ ወይም ዝም ብላ የደከማት ይመስለዋል። ለሴትም የሚጫነው ያው የደረት አጥንት ነው፤ በጡቶች መካከል፣ በዚያው ጥልቀትና ፍጥነት። የመሣሪያው ልጣፎች በባዶና በደረቀ ቆዳ ላይ መለጠፍ ስላለባቸው ጠባቡ የስፖርት ጡት መያዣ በመቀስ ይቆረጣል፤ ላቡ ይጠረጋል። አንደኛው ልጣፍ በደረት ቀኝ በኩል ከአንገት ሥር ካለው አግዳሚ አጥንት በታች፣ ሌላው ከግራ ብብት በታች ከጡቱ ጎን ይለጠፋል። ሌላ ሰው ልብስ ይዞ ይከልላት፤ እርስዎ መጫኑን አያቋርጡ።